ያስጨበጨበኝ ጥፋት

ስሜን የሚያውቅ ሰው ካለ የሚያውቀኝ በአንድ ዘፈን ነው። በአንድ ሙዚቃዊ ድራማ ላይ እንጨት ተሸካሚ ሴት የምታዜመው ነበር፤ ኋላ አንድ ዘፋኝ በካሴት አወጣውና ሬዲዮ አዘወተረው። ዛሬም መንገድ ላይ አስቁመው «እጅህ ይባረክ» የሚሉኝ አሉ። ምርቃታቸውን ዝም ብዬ ስቀበል ኖሬያለሁ። ያ ዘፈን ግን የበደልኩበት ዘፈን ነው። አንድ ድካም የፈሰሰበት ቴአትር በእሱ ምክንያት ወድቋል፤ አንዲት ጎበዝ ተዋናይትም በእሱ ምክንያት ከመድረክ ወርዳለች። ሁለቱም የእኔ ሥራ ናቸው። በየቃለ ምልልሱ ስለ ዘፈኑ ሲነሳ የምተርከው ሌላ ታሪክ ነበረኝ፤ እውነተኛው ይኸኛው ነው።

ወደ ቴአትር የመጣሁት ለሙዚቃ ቤቶች ግጥም ከመጻፍ ነው። በዚያ ሥራ ጥሩ ነበርኩ፤ ይህን ስል ልኩራራ ሳይሆን ጥፋቱ ከዚያው ችሎታ ስለመጣ ነው። ለዘፋኝ የሚጻፍ ግጥም የራሱ ሕግ አለው። እያንዳንዱ ሁለት ስንኝ ራሱን የቻለ ነው፤ ዘፋኙ ሦስተኛውን አንደኛ ቢያደርገው፣ አንዱን ቢጥለው፣ አዝማቹን አስር ጊዜ ቢደጋግመው ዘፈኑ አይፈርስም። የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለሁለተኛው ቤት እንዲመታ ነው። የሕዝብ ግጥማችንም እንደዚያ ነው፤ በፊተኛው ስንኝ ጋራው፣ ወንዙ ወይም ጤፉ ይጠራል፣ ፍቅሩ በኋለኛው ይገባል፤ «ጋራው ምን አገባው?» ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ የለም። ዘፋኙም የሚዘፍነው ራሱን ሆኖ ነው። ሱፍ ለብሶ ስለ እረኛ ቢያዜም ማንም አይከራከረውም።

መድረክ ላይ ሲወጣ ይህ ሁሉ ይለወጣል። የሚዘፍነው ሰው ሌላ ሰው ነው። ተመልካቹ ከየት እንደመጣች አይቷል፤ ምን እንደምታውቅና ምን እንዳልሰማች ከራሷ ይበልጥ ያውቃል። ከአፏ የሚወጣው እያንዳንዱ ቃል በዚያ ዕውቀት ይመዘናል። ለቤት መምቻ ብቻ የገባች አንዲት ቃል እንኳ ተመልካቹ ጆሮ ውስጥ ስትገባ ሴትዮዋ ትጠፋና ጸሐፊው ብቅ ይላል። ዘፈኑ ሲያልቅም አንድ ነገር ተለውጦ መገኘት አለበት፤ ሲጀምር የነበረችው ሴት ሲያልቅ ያው ከሆነች፣ ታሪኩ ቆሞ እኛ ዜማ ስናዳምጥ ቆየን ማለት ነው። እነዚህን ነገሮች ያኔ አላውቅም ነበር። ከሁሉ የሚከፋው አለማወቄን አለማወቄ ነው።

የሀገራችን መድረክ ከጅምሩ ከዘፈን የተለየ አይደለም። ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርቱን ይዞ አዲስ አበባ ሲገባና ተውኔት ሲጽፍ መዝሙሩንም ዘፈኑንም አብሮ ይጽፍ ነበር። ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ንግግርን፣ ዘፈንንና ድራማን ባንድ መድረክ ያገናኘ ነው። እኔም የዚህ ወራሽ ነኝ ብዬ አምን ነበር። የመጀመሪያውን የሙዚቃዊ ድራማ ሥራ ሲሰጡኝ «ቅኔ ላሳያችሁ» ብዬ ነው የተቀበልኩት። የተጠራሁት ግን ሰው ላሳይ ነበር።

ድራማው የአንዲት እንጨት ተሸካሚ ታሪክ ነው። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ለቅማ ሽሮ ሜዳ አውርዳ ትሸጣለች። ከምታገኘው ሳንቲም እየቆጠበች ዕቁብ ትጥላለች፤ ዕጣው ሲወጣላት ልጇን ልታሳክም ነው ሐሳቧ። የዕቁቡ ዳኛ የሰፈሯ ሰው ነው፣ ታምነዋለች፤ በሁለተኛው ገቢር ላይ ገንዘቡን ሁሉ ይዞ ይጠፋል። የእኔ ዘፈን የሚመጣው በመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ላይ፣ ሸክሟን ይዛ ቁልቁለቱን ስትወርድ ነው። ዕጣዋ በማግስቱ ነው። ቀኑ ሳይመሽ ሽሮ ሜዳ ደርሳ መሸጥ አለባት፤ የዕቁቡ የመጨረሻ መዋጮ ጎድሏታል።

ለዚያ ቦታ ረጅም ዘፈን ጻፍኩ። በየወል ቤት፣ ስድስት በስድስት እየተቆረጠ የሚሄድ፣ በአምባሰል የሚዜም። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እነዚህን ሁለት ስንኞች ነው፦

እንጨት ልስበር ብዬ ከጫካው ብወጣ፣
የሰበረኝ ሰው ነው፣ ደኑስ ምን አመጣ።

ስጽፈው የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ። እንጨቱን የምትሰብረዋ ራሷ መሰበሯ፣ ደኑ ነፃ ወጥቶ ሰው መወንጀሉ፣ «ጣ» ላይ ቤት መምታቱ፤ የጎደለው ነገር አልታየኝም። የጎደለው ታሪኩ ነበር። በዚያ ሰዓት ሴትዮዋን የሰበራት ሰው የለም። ዳኛውን ታምነዋለች፣ ነገ ዕጣዬ ነው ብላ እየተቻኮለች ነው። ገና ያልደረሰባትን በደል ቀድሜ አስለቀስኳት። ሁለተኛው ገቢር ሊገልጠው የነበረውን ክህደት በመጀመሪያው ገቢር በሁለት ስንኝ ሸጥኩት።

ይህን የነገረችኝ ተዋናይቷ ናት። ወጣት ነበረች፣ ትልቅ ሚና ሲሰጣት የመጀመሪያዋ። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሌሊት እየተነሳች ከሴቶቹ ጋር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ሰንብታ ነበር። ለልምምድም እውነተኛ ጭራሮ አስመጣች። ገመዱን ደረቷ ላይ አሳልፋ፣ ወገቧን አጥፋ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ነበር የምትራመደው። ዘፈኑን በዚያ አኳኋን ለመዝፈን ሞከረች። የመጀመሪያው ስንኝ እኩሌታ ላይ ትንፋሿ አለቀ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቆሞ ጠበቃት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና አለቀ።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ ሸክሙን ሳታወርድ፣ «ይቺ ሴትዮ እኮ እንዲህ አትልም።»

«ምን ትላለች ታዲያ?»

«ሲወርዱ አይዘፍኑም፤ ትንፋሽ የላቸውም። የሚባባሉት ‹እስከዚያች ድንጋይ› ነው። ድንጋይዋ ጋ ሲደርሱ ደግሞ አያርፉም፤ ‹እስከዚያች ዛፍ› ይባባላሉ። እንደዚያ እየተባባሉ ነው ሽሮ ሜዳ የሚደርሱት።» ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። በእጇ የጻፈችው ነበር፦

እስከዚያች ድንጋይ፣
እስከዚያች ብቻ።
ከዚያ ዐርፋለሁ።
እስከዚያች ዛፍ፣
እስከዚያች ብቻ።

«ዜማውን እርስዎ ያሳምሩታል፤ እኔ ስትወርድ የሰማሁትን ነው ያመጣሁት» አለች።

ዛሬ ያንን ደብተር ሳስብ የሚታየኝ የቴአትር ዘፈን የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በእነዚያ አጫጭር ስንኞች ውስጥ መኖሩ ነው። ሴትዮዋ አንድ ነገር ትፈልጋለች፣ እሱም ድንጋይዋ ናት። ደርሳ ሌላ ትፈልጋለች። ዐርፋለሁ ትላለች፣ አታርፍም፤ ለራሷ የምትዋሸውን ተመልካቹ ያያል። በዘፈኑ መጨረሻ ሽሮ ሜዳ ደርሳለች፤ ታሪኩ ከእሷ ጋር ወርዷል። ስንኙ የሚያጥረው ትንፋሹ ስለሚያጥር ነው። ስለ ድካም አንድ ቃል አልተነገረም፣ ሁሉም ድካም ነው።

ያኔ ያየሁት ግን ይህን አልነበረም። ያየሁት አንዲት ልጅ ግጥሜን ስታርም ነው፤ በሙዚቀኞቹ ፊት፣ በተዋንያኑ ፊት። ቤት አይመታም፤ ምት የለውም። «ይሄ ግጥም አይደለም» አልኳት። ዝም ብል ይበቃ ነበር። አልበቃኝም። «ግጥም ለማረም መጀመሪያ ማንበብ ይቀድማል፤ አንቺ ትወናሽን ስሪ» አልኩና ደብተሩን መለስኩላት። እሷ ምንም አልመለሰችም። ሸክሟን አወረደችና ሄዳ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። አዘጋጁ በዕረፍት ሰዓት ወደ ጎን ወስዶኝ «እውነቷን እኮ ነው፤ ቢያንስ አሳጥርልን፣ የክህደቱንም ነገር አውጣልን» ሲለኝ ለእሱም መልሴ ዝግጁ ነበር፤ ወይ ዘፈኑ እንዳለ ይዘፈናል፣ ወይ ዘፈኖቼን ሁሉ ይዤ እወጣለሁ። ማስታወቂያው ከተማው ላይ ተለጥፏል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ቅንብሩ አልቋል። ሌላ ምርጫ እንደሌለው አውቄ ነው ያልኩት።

ተዋናይቷ ተቀየረች። ለዘፈኑ የሚሆን ድምፅ የላትም ተባለ። ይህ ሐሰት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጎበጠ ደረት አሥራ ሁለት ቀለም የሚሸከም ትንፋሽ አይዝም እንጂ፣ ቀና ብላ ስትዘፍን ድምፅዋ ሙሉ ነበር። «ድምፅ የላትም» የሚለው ወሬ ከዚያ ቴአትር ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ሄደ። አንድ ቃል ተናግሬ ላስቆመው እችል ነበር። አልተናገርኩም።

በምትኳ የገባችው መልካም ድምፃዊት ናት፤ በእሷ የምቀየመው ነገር የለኝም። ዘፈኑ ሲደርስ ሸክሟን መሬት አስቀምጣ፣ ቀና ብላ፣ ወደ መድረኩ ጫፍ መጥታ ዘፈነችው። መክፈቻው ምሽት ሁለቱ ስንኞች ላይ ስትደርስ አዳራሹ ተነሳ። «ይደገም!» አሉ። ተደገመ። እንደገና «ይደገም!» አሉ። ከመጋረጃው ጎን ቆሜ ነበር። ከአጠገቤ የዕቁቡን ዳኛ የሚጫወተው ተዋናይ መግቢያው ደርሶ ይጠብቃል፤ ጭብጨባው አላልቅ ብሎት አንዴ ወደ እኔ አንዴ ወደ መድረኩ ያያል። ሲገባ ጭብጨባው ገና አልበረደም ነበር፣ የመጀመሪያዎቹን ቃላት የሰማቸው የለም። በሁለተኛው ገቢር ክህደቱ ሲገለጥ ያዘነም የደነገጠም ሰው አልነበረም፤ ይህንን ቀድመው በዜማ ሰምተውታል፣ አጨብጭበውለታል። ከአዳራሹ ሲወጡ ስንኞቹን ያንጎራጉሩ ነበር። የእንጨት ተሸካሚዋ ልጅ ሕመም ምን ላይ እንደደረሰ የጠየቀ አልሰማሁም።

ያንን ጭብጨባ እንደ ፍርድ ወሰድኩት። እኔ ልክ ነበርኩ፣ እሷ አልነበረችም። ድራማው ብዙ ሳይቆይ ከመድረክ ሲወርድም ጥፋቱን ለድርሰቱ ሰጠሁ። ዘፈኑን ለሙዚቃ ቤት ሸጥኩት፤ በካሴቱ ላይ ከድራማው አንድም ነገር ሳይጎድልበት ራሱን ችሎ ቆመ። እንደዚያ ራሱን ችሎ መቆሙ ለድራማው እንዳልተጻፈ ማስረጃ ነው። ይህን ለማየት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ያሳየኝ መጽሐፍ ነው። አሜሪካ የሚኖር ወዳጄ የላከልኝ፣ ስቲቨን ሶንዳይም በ2010 እ.ኤ.አ. የዘፈን ግጥሞቹን ሰብስቦ፣ በየገጹ አስተያየት ጽፎ ያሳተመው መጽሐፍ። ሶንዳይም የብሮድዌይን ሙዚቃዊ ቴአትር ከለወጡት አንዱ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ገና የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ሳለ ሊዮናርድ በርንስታይን ዜማውን ለሠራው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ግጥሙን ጻፈ። እዚያ ውስጥ ማሪያ የምትባለው ከፖርቶ ሪኮ በቅርብ የመጣች ልጃገረድ የምትዘፍነው ደስ የሚል ዘፈን አለ፤ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። ሶንዳይም በዚያ ዘፈን ያፍር ነበር። በአንድ ስንኝ ሆድ ውስጥ ሌላ ቤት እየመታ፣ ቃል በቃል እየተጫወተ የጻፈው የራሱን ብልሃት ለማሳየት ነበር። ልምምዱን የተመለከተው ሼልደን ሃርኒክ፣ ኋላ የ«ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ»ን ግጥሞች የጻፈው፣ ይህን ነገረው፤ እንግሊዝኛን ገና በመልመድ ላይ ያለች የደሀ ሰፈር ልጅ እንደ ለንደን ሳሎን እንግዳ ታወራለች ወይ? ሶንዳይም ወዲያው ቀለል ያለ ግጥም ጻፈ። ከሥራ ባልደረቦቹ የሚቀበለው አጣ። የድሮው እንዳለ ቀረ፣ እሱም እስከ ዕለተ ሞቱ እየሰማው ኖረ።

ያንን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ከቤት ወጣሁ። ስለ እኔ የተጻፈ ያህል ነበር፤ ልዩነታችን ግን ትልቅ ነው። እሱ ሲነገረው ሰማ። እኔ የነገረችኝን አባረርኳት።

ሶንዳይም መስማትን የተማረው ከልጅነቱ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ስለ ትምህርት ቤቱ ሙዚቃዊ ድራማ ጽፎ ለጎረቤታቸው ለኦስካር ሐመርስታይን ወሰደለት። ሐመርስታይን በ1943 እ.ኤ.አ. «ኦክላሆማ!»ን ከሪቻርድ ሮጀርስ ጋር የሠራው ታላቅ ደራሲ ነው። ልጁ በነጋታው ብሮድዌይ የሚታይ መስሎት ነበር። ሐመርስታይን ግን ካነበብኩት ሁሉ የከፋ ነው አለው፤ ከዚያም አብሮት ተቀምጦ ከመጀመሪያው የመድረክ መግለጫ ጀምሮ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድ በአንድ አሳየው። ቀጥሎ አራት ሥራ ሰጠው፤ የምትወደውን ተውኔት ወደ ሙዚቃዊ ድራማ ቀይር፣ ቀጥሎ የምትወደውን ነገር ግን ጉድለት ያለበትን፣ ቀጥሎ ለመድረክ ያልተጻፈ ታሪክ፣ በመጨረሻ የራስህን ፈጠራ። ዓመታት የፈጀ ትምህርት ነው።

ድሮ ይህን ብሰማ «እኛ እንዲህ ያለ አስተማሪ የት አግኝተን!» ብዬ አማርር ነበር። አስተማሪ ግን አግኝቼ ነበር። ሸክም ተሸክማ ፊቴ ቆማ ነበር።

ከዚያው መጽሐፍ ሌላም ነገር አስጨነቀኝ። በ1973 እ.ኤ.አ. «ኤ ሊትል ናይት ሙዚክ» የተባለውን ሲሠሩ፣ ለዋናዋ ተዋናይት ለግሊኒስ ጆንስ ልምምዱ ከገፋ በኋላ ዘፈን አስፈለገ። ድምፅዋ የሚያምር ቢሆንም ኖታ አስረዝማ መያዝ አትችልም። ሶንዳይም ስንኞቹን አሳጠራቸው፤ ጥያቄ ጥያቄ አድርጎ፣ በየመሀሉ ትንፋሽ እንድትወስድ። የደከመች ሴት የምትናገረውም እንዲሁ ስለሆነ፣ የተዋናይቷ ጉድለት የገጸ ባሕሪዋ እውነት ሆነ። ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ በሰው አፍ የቀረው ያ ዘፈን ነው። የእኔዋ ተዋናይት ደግሞ ትንፋሽ ያጠራት ጉድለት ኖሮባት አይደለም፤ እንጨት ተሸካሚዋን በትክክል ስለሠራቻት ነው። የትንፋሿን ልክ ለክታ፣ ግጥሙን ጽፋ ነበር ያመጣችልኝ።

ዘፈኑን እንደገና ጻፍኩት። ሙዚቃ ቤቶቹ አልፈለጉትም፤ «የድሮው እያለ ይሄ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ድራማው በአንድ ወቅት ለአማተሮች ልምምድ ሲወጣ አጭሩን ይዤ ሄድኩ፤ ልጆቹ በትህትና አዳምጠው «ጋሼ፣ ሕዝቡ የሚጠብቀው ያንን ነው» አሉኝ። ለእነሱም ቢሆን የዘፈኑን እውነተኛ ታሪክ አልነገርኳቸውም። ያ ፍርሃት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በመጨረሻ ያለችበትን አጠያየቅኩ። ሕፃናት ታስተምራለች። ስሄድ ልጆቹን ልታሰናብት ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ወዲያው አወቀችኝ፣ «ጋሼ» አለችኝ፤ እንደድሮው «እርስዎ» እያለች ወንበር አመጣችልኝ። ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ግማሹን ታውቃለች። «ድምፅ የላትም» የሚለውን ሐሰት እያወቅኩ ዝም ማለቴን ግን አታውቅም ነበር። እሱን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ ለረጅም ጊዜ ሌሎቹ እውነት ተናግረው ይሆናል ብላ እንዳመነች፣ ልጆቹን ስታስተምር እንኳ ጮክ ብላ መዝፈን ትታ እንደነበር ነገረችኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም፤ እንድትለኝም አልጠየቅኳትም።

ከዘፈኑ ያገኘሁትን ገንዘብ ግማሹን ልስጥሽ አልኳት። «ያ የእርስዎ ዘፈን ነው» አለች፤ «እኔ የለሁበትም።» ከዚያ አዲሱን ግጥም አውጥቼ ሰጠኋት። ከደብተሯ የነበሩት ስንኞች እንዳሉ ናቸው፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ሁለት የወል ቤት ስንኝ ጨምሬበታለሁ፣ መዝጊያ ይሆናል ብዬ። አንብባ እስክርቢቶ ጠየቀችኝ። ሁለቱን ሰረዘቻቸው።

«እዚህ ጋ ቆማ ተመልካቹን እያየች ነው» አለችኝ። «ገና እኮ አልደረሰችም።»

ልክ ናት። ዘፈኑን የሚጠይቀኝ አዘጋጅ ሲመጣ አሁን የምሰጠው ያንን የተሰረዘውን ወረቀት ነው። ከላይ የሁለታችን ስም ተጽፏል፣ የእሷ ይቀድማል።